የጉንዳኗን ንግሥት ወዴት እንውሰዳት?

የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ሰው ብዙ ነገር ያማክራችኋል። ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ አንዳንዴም ስለ አማትና ምራት ጠብ። ስለ ጉንዳን የተማከርሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጠያቂዋ እዚሁ ሐዋሳ ከእኛ ጋር የምታመልክ እናት ነች። የ14 ዓመት ልጇ ክረምቱን ባሕር ዳር ዘመዶቹ ዘንድ አሳልፎ ሲመለስ፣ በልብሱ የተጠቀለለች አንዲት ጠርሙስ በቦርሳው ይዞ መጣ። በጠርሙሷ ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ ከድንጋይ ሥር የተጫሩ ጥቂት ጉንዳኖችና ከመካከላቸው ተለቅ ተለቅ ያሉ ሦስት ንግሥቶች ነበሩ። ልጁ ጉንዳን ማርባትን በስልክ ቪዲዮ አይቶ ነው የጀመረው። በጥር ወር ጠርሙሱ ጠብቧቸው ወደ ፕላስቲክ ሣጥን ተዛወሩ፤ በመጋቢት ደግሞ ከሣጥኑ እየሾለኩ ስኳር ዕቃው ውስጥ ተገኙ።

እናትየዋ “በቃ፣ ከቤቴ ይውጡልኝ” ስትል ልጁ አለቀሰ። “አይገደሉም፤ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር እለቃቸዋለሁ። እዚያ ምግብም ጥላም አለ” አላት። ለእርሷም መልካም ሐሳብ መሰላት፤ ሆኖም ልቧ ስላልተረጋጋ ወደ እኔ መጣች። “የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደሉም እንዴ፣ እህቴ? መልቀቁ ርኅራኄ አይሆንም?” አለችኝ።

እኔ የተማርሁት መጽሐፍ ቅዱስ እንጂ የነፍሳት ሳይንስ አይደለም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት አነበብሁ፤ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ነገሩ የአንድ ልጅ ጠርሙስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም።

ውድ አንባቢያን፣ ጉንዳን ማርባት በአገራችን እምብዛም አይታወቅ እንጂ በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ብዙ ወዳጆች ያሉት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አጀማመሩም ቀላል ነው። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያላቸው ወንድና ሴት ጉንዳኖች ከየቤታቸው ይወጣሉ። ማታ መብራት ዙሪያ እንደ አሸን ሲፈሉ ከምናያቸው መካከል እነዚህ አሉበት። በብዙ ዝርያዎች ንግሥቲቱ ከተጠቃች በኋላ ክንፏን ጥላ፣ ጉድጓድ ቆፍራ፣ በሩን በራሷ ላይ ዘግታ ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ልጆቿን የምታሳድገው ምንም ሳትበላ፣ ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን የክንፏን ጡንቻ ራሱን ወደ ምግብ እየለወጠች ነው። ጉንዳን አርቢው ጉድጓዱን ሳትቆፍር በፊት ያገኛትና በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያስገባታል። ከቱቦው ጫፍ ውኃ፣ ከውኃው ፊት የጥጥ ውታፍ፣ በሌላኛው አፍም ጥጥ ይደረጋል። ከዚያ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ዕንቁላል፣ ከዚያ እጭ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይታያሉ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደስ ያሰኛል። ትዕግሥት ያስተምራል፤ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከሚያፈጥ ይሻላል። ችግሩ የሚጀምረው ንግሥቲቱ ከቦታዋ ስትጓዝ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ናይቫሻ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሁለት ቤልጂየማውያን ወጣቶች ተያዙ። ሲፈተሹ ከእነርሱ ጋር የተገኘው የዝሆን ጥርስ ወይም የነብር ቆዳ አልነበረም። 5,000 ያህል ጉንዳኖች፣ ጥጥ በተወተፈባቸው 2,244 ቱቦዎች ውስጥ ተሰድረው ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ኬንያዊና አንድ ቬትናማዊ በሌላ መዝገብ በተመሳሳይ ወንጀል ተከሰሱ። ጉንዳኖቹ ሜሶር ሴፋሎተስ የሚባሉት ትላልቅ ቀያይ የምሥራቅ አፍሪካ እህል ሰብሳቢዎች ናቸው። በአውሮፓ ገበያ የአንዷ ንግሥት ዋጋ እስከ 200 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ወጣቶቹ ሕግ መጣስ መሆኑን አላወቅንም፣ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው ሲሉ አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ ግን በግንቦት 7 ቀን እ.ኤ.አ. 2025 አራቱንም እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ ማለትም 7,700 ዶላር ገደማ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። ጥቂት ጉንዳን ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሲሆን መዝናኛ ነው ማለት ይከብዳል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ላይ ሰነፍ ሰው እንዲማርባት የተመከረችው ጉንዳን፣ በመከር እህል የምታከማቸው ማለት ነው፣ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ናት፤ የሜሶር ወገን ጉንዳኖች በእስራኤል ምድርም የታወቁ ናቸው። እንግዲህ በቱቦ ታሽገው ወደ አውሮፓ ሊሄዱ የነበሩት የዚያች ጉንዳን ዘመዶች ናቸው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሰነፉ የታዘዘው ሄዶ እንዲያይ ነው እንጂ ጉንዳኗን ይዞ እንዲመጣ አይደለም!

ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ዘዳግም 22 ላይ ያለው የወፍ ጎጆ ሕግ ይመስለኛል። በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ የሚያዝዘው ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለን ይህን ክፍል ለምን እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር ሕግ አስፈለገ እያልን ተከራክረንበታል። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። እናቲቱ ከቀረች ጎጆው ይቀጥላል፤ እናቲቱ ከተወሰደች የሚቀጥል ነገር የለም። በጉንዳን ንግድ የሚወሰደው ደግሞ በትክክል እናቲቱ ናት። ለዓመታት ልትኖር የምትችል፣ አንድ ሙሉ ሠፈር በሆዷ የያዘች እናት። እህል ሰብሳቢ ጉንዳኖች ዘር ይበትናሉ፤ አፈሩን እየቆፈሩ አየርና ውኃ ያስገቡለታል። ሺህ ንግሥት ከአንድ ወረዳ ስትወሰድ ሺህ ቤት ሳይሠራ ይቀራል።

ይህ የመውሰዱ በደል ነው። ማምጣቱስ?

በስዊዘርላንድ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በዓለም ገበያ ላይ ከ500 በላይ የጉንዳን ዝርያዎች ለቤት ውስጥ እርባታ እንደሚሸጡ አሳይተዋል። የሚያስደነግጠው ቁጥሩ አይደለም። በሽያጭ ላይ ካሉት መካከል መጤ ወራሪ የሚባሉት ዝርያዎች ከተፈጥሮ ድርሻቸው እጅግ በልጠው መገኘታቸው ነው። ስናስበው ምክንያቱ ይገባናል። በቤት ውስጥ ለማርባት የሚመች ጉንዳን ያገኘውን የሚበላ፣ በየትም የሚኖር፣ ቶሎ የሚባዛ ነው። በሰው አገር ወራሪ ለመሆን የሚያበቃውም ይኸው ጠባዩ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ጉንዳን ለመሬቱ የሚፈራው ጉንዳን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወራሪ ጉንዳን ከሌላው የሚለየው በመናከሱ አይደለም። አብዛኛው ጉንዳን ከራሱ ዝርያ የሆነ የሌላ ቤት ጉንዳን ሲያገኝ ይዋጋል፤ ስለዚህ ቤትና ቤት እየተገፋፋ ቁጥሩ ይመጠናል። ብዙዎቹ ወራሪዎች ግን ይህ ጠብ የላቸውም። የአንዱ ቤት ሠራተኛ ወደ ሌላው ቤት ቢገባ እንደ ቤተሰብ ይቀበሉታል። በአንድ ቤት ብዙ ንግሥቶች ይኖራሉ፤ ሠፈሩ ሲሞላ ከንግሥቶቹ አንዷ ጥቂት ሠራተኞችን ይዛ በእግሯ ትወጣና ጥቂት እርምጃ ርቃ ትሠፍራለች። እንዲህ እያለ የማይዋጋ፣ ድንበር የሌለው አንድ ትልቅ ሠፈር ይሆናል። ተመራማሪዎች ሱፐርኮሎኒ ይሉታል። (የሰላም አብሮነት ነው ብዬ ለስብከት ልጠቀምበት አሰብሁና የሚያደርሰውን ጥፋት ሳነብ ተውሁት።)

እንዲህ ያለው ሠፈር በሩቅ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥና በአካባቢያቸው ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የምትባል ትንሽ ጉንዳን አለች። ማግዳሌና ሶርገር የተባለች የጉንዳን ተመራማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በማጥናት ከሚታወቀው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ከሌሎች ጋር አጥንታታለች፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ይፋ ሆነ። የተገኘው ትልቁ ሠፈር 38 ኪሎ ሜትር ድረስ የተዘረጋ ነበር። ይህች ጉንዳን ከድንጋይ ሥር ትኖራለች፤ ዛፍ ላይ ትኖራለች፤ መንገድ ዳርና ሕንፃ አጠገብም ትኖራለች። ምግብም አትመርጥም። የሚገርመው ደግሞ ከውጭ የመጣች አይደለችም፤ የገዛ አገራችን ጉንዳን ናት። በገዛ አገሯ እንደ ወራሪ መሆኗ ነው ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው። የወገኗ የሆነ ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ ዳርዊን ወደብ ተገኝቶ የወደቡን ሥራ ለቀናት አስተጓጉሏል። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክም ሌላ ዘመዷ ገብቷል። ዕድሉን ካገኘች እርሷም ወደ ሌላው ዓለም ልትዛመት ትችላለች ሲሉ አስጠንቅቀዋል።

ዕድሉን ማን ይሰጣታል? የእኛ ቦርሳ።

የዚያ ልጅ ጠርሙስ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ይሁኑ ሌላ ዝርያ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊለያቸው አልቻለም። ለእኔ ግን ክብደቱ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ሐዋሳ በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግሯ የምትስፋፋ ንግሥት በዓመት ብትሄድ ብትሄድ በሜትር የሚቆጠር እንጂ ከጥቂት መቶ ሜትር የሚያልፍ አይደለም። የዓባይን ሸለቆ፣ የአዲስ አበባን ቁር፣ የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ በራሷ ልትሻገር ሺህ ዓመታት አይበቋትም። ልጁ በሁለት ቀን አሻገራት። “ከኢትዮጵያ ወደ ኢትዮጵያ ነው እኮ ያመጣኋት” ብሎ ነበር ለእናቱ። ጉንዳን ግን የአገር ካርታ አታውቅም። የምታውቀው ከእርሷ ጋር ለዘመናት የኖሩትን ጠላቶችና ተፎካካሪዎች ነው፤ እነርሱ ደግሞ አብረዋት በጠርሙሱ ውስጥ አልመጡም።

አንድ ትንሽ ጉንዳን ምን ያህል ነገር ልትለውጥ ትችላለች ለሚል፣ የላይኪፒያን ታሪክ ልንገራችሁ። በኬንያ ኦል ፔጄታ በሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ባለው የግራር ዓይነት ላይ የሚኖሩ ጉንዳኖች ዛፉን ከዝሆን ይጠብቃሉ። ዝሆን ቅርንጫፍ ሲስብ ወደ ኩምቢው ውስጥ እየገቡ ይነክሱታልና ይተወዋል። ወደ 2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ግን ባለ ትልቅ ራስ የሚባለው ወራሪ ጉንዳን ደረሰና እነዚህን ጠባቂዎች ፈጃቸው። ጠባቂ ያጡትን ዛፎች ዝሆኖች ሰባበሯቸው፤ ሜዳው ገላጣ ሆነ። አንበሳ ደግሞ የሜዳ አህያን የሚይዘው ከዛፍ ጀርባ ተሸሽጎ ነው። መሸሸጊያው ሲጠፋ የሜዳ አህያ ማደን ከበደውና ፊቱን ወደ ጎሽ አዞረ። ዳግላስ ካማሩ የተባለው ኬንያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትሟል። የአንበሳን ማዕድ የቀየረች ጉንዳን!

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሲዳማና በጌዴኦ እንሰት የተከለ ሁሉ ያንን ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ የሥር ተባይ ያውቀዋል። የእንሰቱን ሥርና አምቾ እየመጠጠ ተክሉን ያቀጭጨዋል። በሐዋሳ ያሉ የግብርና ተመራማሪዎችም ሲያጠኑት ቆይተዋል። ይህ ተባይ ብቻውን አይኖርም። ከሰውነቱ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ጉንዳኖች ለዚያ ፈሳሽ ሲሉ ይከባከቡታል፣ ከጠላት ይጠብቁታል፣ ተሸክመውም ከሥር ወደ ሥር ያዛውሩታል። እኛ ላም እንደምናረባው ማለት ነው። ከእርሻ ወደ እርሻ ዋናው መተላለፊያው ግን ጉንዳኑ አይደለም፤ ተባዩ ያለበትን የእንሰት ችግኝ ከአንዱ ጓሮ ነቅሎ ወደ ሌላው የሚወስደው ሰው ነው። ብዙ ጊዜም በፍቅር ነው የሚወሰደው። ልጅ ስታገባ፣ ጎረቤት አዲስ ቤት ሲሠራ፣ እንካ ተብሎ የሚሰጥ ስጦታ ነው።

እንግዲህ የጣፋጭ ፈሳሽ ፍቅር ያለው፣ ቤትና ቤት የማይዋጋ፣ በብዙ ንግሥት የሚባዛ እንግዳ ጉንዳን ወደዚህ አካባቢ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሐይቁ ዳር ያለው ዋርካ ሥር የሚለቀቀው ጉንዳን እዚያው አይቀርም። ከዋርካው ሥር አፈር በጆንያ ይወሰዳል፤ ችግኝ በፕላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ ይጫናል፤ የአበባ ማሰሮ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም፣ ከይርጋለም ወደ ዲላ ይሄዳል። ቆጮውንና ቡናውን የሚያጣው ገበሬ ልጁ በዚያ ቀን ለጉንዳኖቹ ያሳየውን ርኅራኄ አላየም፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም።

ለእናትየዋ የመለስሁላት ይህንኑ ነው። ርኅራኄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ርኅሩኁ ራሱ መሆን አለበት። እኔ ልቤ ቀለል እንዲለኝ ብዬ ሌላው ሰው፣ ሌላውም ፍጥረት የሚከፍለው ከሆነ ስሙ ሌላ ነው። ደግሞም የተለቀቀ ጉንዳን ተመልሶ አይሰበሰብም። እምቦጭን አስታውሱ፤ ከደቡብ አሜሪካ የወጣው አበባው ስላማረ ነው። ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ከአገር አገር ወሰዱት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ። ስንት ሺህ ሰው በወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ እንደነቀለው፣ ስንት መኪናም እንደተገዛለት ሁላችንም በዜና አይተናል።

ጉንዳን ከሚያረቡ ሰዎች አንዳንዶቹ የሚያነሡት ሌላ ክርክር አለ። “ጉንዳኑ ወራሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ በግቢዬ አለ። በመርዝ ከምገድለው ሰብስቤ ባዶ ቦታ ብወስደው ምን አለበት? አካባቢው ላይ እንደሆነ አስቀድሞ ገብቷል” ይላሉ። ክርክሩ ደካማ ነው ብዬ አልንቀውም፤ ከመርዝ መሸሹ ጥሩ ነው። ነገር ግን ወራሪው ገባ ማለት ሁሉን ያዘ ማለት አይደለም። በአንድ ግቢ ያለ ወራሪ ገና ሊታገድ ይችላል። እኛ ባዶ የምንለው ቦታም ባዶ አይደለም፤ የራሱ ጉንዳኖች አሉት። ወራሪውን በጠባብ ሣጥን ውስጥ ይዞ እስኪያልቅ ማቆየት ማንንም አይጎዳም። ከግቢ ወደ ግቢ ማሻገር ግን ለወረራው መኪና መሆን ነው።

ታዲያ የያዝነውን ምን እናድርገው? በዓለም ዙሪያ ጠንቃቃ የሆኑ አርቢዎች የሚሉት አንድ ዓይነት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣን ጉንዳን ማኖር ያልቻለ ሰው ሣጥኑን እንደታሸገ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ቀን ያስቀምጥ። ጉንዳን ብርድ ሲበዛበት ይደነዝዛል፤ በዚያው ያልፋል። ልጁ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ በጣም ተቆጣ፤ እኔንም ለጥቂት ሳምንታት ሰላም አላለኝም። አያቱ አለታ ወንዶ እንሰት አላቸው፤ ነገሩን ከእርሳቸው ጓሮ ጋር አያይዞ አባቱ ሲያስረዳው ራሱ ሣጥኑን አምጥቶ አስገባ። እናትየዋ “ከዓሣው አጠገብ እንዳይሆን” ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም። ወደ ባሕር ዳር መልሶ መውሰድስ አይሻልም ነበር ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ከተያዘበት ከዚያው ድንጋይ ሥር፣ በዚያው ሳምንት ቢሆን ይሻል ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ግን ከእኛ ስኳርና ከእኛ አፈር ጋር የኖረ ጉንዳን ምን ተውሳክ ይዞ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ ስል ልጆች ከጉንዳን ይራቁ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ አላባማ፣ ሞቢል ከተማ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከቤቱ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ላይ እንግዳ የሆነ የጉንዳን ቤት አየ። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ጭነት የመጣው ቀዩ እሳት ጉንዳን ነበር፤ በኋላ የአሜሪካን ደቡብ ያዳረሰው። ወረራው ገና በጅምሩ ሳለ ካስተዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ያ ልጅ ሆነ። አድጎም በሃርቫርድ የታወቀው የጉንዳን ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን ነው። በባፕቲስት ቤተሰብ ያደገ ነበር፤ በኋላ እምነቱን ቢተውም እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመውን ስለ ፍጥረት ጥበቃ የሚናገር መጽሐፍ የጻፈው ለአንድ ባፕቲስት መጋቢ በተላከ ደብዳቤ መልክ ነው። እኛ መጋቢዎች ቤት ያለን ሰዎች ደብዳቤው ለእኛም እንደተላከ ብንቆጥረው አይከፋም። ልጁ ዊልሰን ጉንዳኑን አየ፣ መዘገበ፣ ለሚመለከታቸው ተናገረ። ከልጅ የሚፈለገው ይህ ነው።

ለወላጆች ጥቂት ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ጉንዳን ማርባት ከፈለገ ከገዛ ግቢያችሁ ያገኘውን ያርባ፤ አንዲት ንግሥት ትበቃዋለች። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይኑረው። ለክረምት ወደ ዘመድ ሲሄድ ጠርሙሱ ይቅር፤ ሲመለስም ቦርሳውን እናንተ ፍቱ። ጉንዳን በፖስታም ሆነ በተሳፋሪ እጅ አትላኩ፣ አትቀበሉም። የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ስለ ጀነቲክ ሀብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 ያለ ፈቃድ የአገሪቱን ሕያው ሀብት ከአገር ማውጣትን ከልክሏል፤ በዚህ ሥራ የተሰየመው መሥሪያ ቤትም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናይሮቢ ላይ የተፈረደው ነገ ቦሌ ላይ ሊፈረድ ይችላል።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ችግኝ የምትተክሉም፣ ከጣቢያ የመጣውን ከረጢት ከመትከላችሁ በፊት ሥሩን አየት አድርጉት፤ ጉንዳን ከነእጩ ሲተራመስ ካያችሁ ለብቻው አቆዩትና ለግብርና ባለሙያ አሳዩ። የእንሰት ችግኝ ለምትሰጣጡ ደግሞ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ስጦታውን አዘግዩት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ “ለልጁ ምን ላምጣለት?” ብሎ ሲደውልም ማጉያ መነጽር በሉት።